ሳይጠሯት አትለቅም

መስከረም 22

ለመዳፍ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ አለሁ።

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ሳልመልስልህ የቆየሁት ተቀይሜህ አይደለም። ወረቀት አወጣለሁ፣ የቀኑን ቁጥር እጽፋለሁ፣ ከዚያ የምለው ይጠፋኛል። ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም። የተማሪ ልብስ እንደምሰፋው ቶሎ ቶሎ አልጽፍም።

እማዬ ልበልዎት ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። በለኝ። እቤት ስትመጣም እንደዚያ ትለኝ ነበር፤ ልጄም «የራስህን እናት ፈልግ፣ ይቺ ተይዛለች» እያለች በትራስ ትመታህ ነበር። ልጄን ከቀበርናት አራተኛ ወሩ ገባ። አሁን በዚህ ስም የሚጠራኝ ሌላ የለም፤ አንዷ እሷ ብቻ ነበረችኝ።

ዕቃዋን ምን እንዳደረግሁት ጠይቀሃል። አልነካሁትም። ያን መዳፏ ላይ የምታስረውን ቆዳ ብቻ ከቦርሳዋ አወጣሁት። አንድ ጎኑ ተተርትሯል። ልጠግነው መርፌና ክር አወጣሁ፣ ክሩን አስገባሁ፣ ከዚያ ለማን ብዬ መልሼ ከተትኩት።

ስለ አደጋው ወረቀትም ጠይቀሃል። አልፈረምኩም። የሰርከሱ አዳራሽ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ደውላለች። «እትዬ፣ መፈረም ማለት እኮ መስማማት አይደለም፤ አይቼዋለሁ ማለት ነው» ትለኛለች። ከታች የተጻፈው ግን «አንብቤ ተቀብያለሁ» ነው። ማንበቡንስ ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «አደጋው የደረሰው በራሪዋ የያዡን ጥሪ ሳትጠብቅ ብረቱን በመልቀቋ ነው» ይላል። ቃሉን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ነገሩን ግን አላውቀውም። አሥራ አንድ ዓመት ሰርከስ ስትሠራ አንድም ቀን ገብቼ አላየኋትም። እፈራ ነበር። በር ላይ ቆሜ ጭብጨባውን ሰምቼ ነበር የምመለሰው።

አየር ላይ የሚይዛት ያዡ አንተ ነበርክ። ከአንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። እንዲያው እውነት ሳትጠራት ነው የለቀቀችው? ይህን ንገረኝና የምፈርመውን ልፈርም።

አዳራሹ ቅዳሜ ጠዋት ለጀማሪ አዋቂዎች የአየር ላይ ዥዋዥዌ ትምህርት እንደሚሰጥ በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ተመዝግቤያለሁ። የማን እናት እንደሆንኩ አልተናገርኩም። አትሳቅ።

እናትህ


ጥቅምት 10

ለእማዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ልንገርዎ፣ ዓሣ የሚያቀዘቅዝ መጋዘን ውስጥ ሳጥን እጭናለሁ። አለቃችን ጥሩ ሰው ነው። ሁልጊዜ በግራ እጄ ብቻ ስለማነሳ «ግራኙ» ይሉኛል። መዳፍ የሚለኝ እዚህ የለም፤ እሷ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ስለሌለ። እኔም አልነገርኳቸውም። የምኖርበት ክፍል ጣራው ዝቅ ያለ ነው፣ ስነሳ እጄ ይነካዋል። ደስ ይለኛል። ከፍታ ያለው ነገር ማየት አልፈልግም።

እማዬ፣ እባክዎ አይውጡ። መሰላሉ ብቻውን ዘጠኝ ሜትር ነው። በዚህ ዕድሜዎ አጥንትዎ ቢሰበር ማን ያስታምምዎታል? እዚያ የሚያገኙት ነገር የለም።

የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ወረቀቱን የጻፈው ኮሚቴው ነው። ሙዚቃው ከፍ ብሎ ነበር። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ሆነ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈርመው ቢገላገሉ ለእርስዎም ይሻላል መሰለኝ።

አክባሪዎ
መዳፍ


ጥቅምት 28

ለመዳፍ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለጠየቅሁህ ግን አልመለስክልኝም። ምናልባት አልተመቸህም ብዬ ትቼዋለሁ፣ ለጊዜው።

አልወደቅሁም። አጥንቴም ደህና ነው። እህቴ ስትሰማ የሠራችውን ብታይ ትስቅ ነበር። «በሃምሳ ሦስት ዓመትሽ ልትበሪ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበቴን እያልሽ የምታለቅሺው ሴትዮ!» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መሬት ላይ ያጣሻትን አየር ላይ ልትፈልጊያት ነው?» አለች። ሱሪ የሰፋችልኝ ግን እሷው ናት፤ ቀሚስ ለብሰሽ ተሰቅለሽ አታዋርጂኝ ብላ።

አምስት ጀማሪዎች ነን። አንዱ ጥርስ ሐኪም ነው፣ ወሬኛ። «እትዬ፣ እኔ የሰው ጥርስ እተክላለሁ፤ እኔ ወድቄ ቢረግፍ የኔን ማን ይተክለዋል?» እያለ ያስቀናል። አሰልጣኟን «ኮሎኔሏ» ይሏታል፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች ናት፣ ፊቴን አታውቀውም።

መጀመሪያ መሬት ላይ አስቀመጠችንና ሥራውን አስረዳችን። እኔ ዛሬ ገና ነው የገባኝ። በራሪዋ መሰላሉ አናት ላይ ካለው ሳንቃ የተንጠለጠለውን ብረት ይዛ ትወጣለች። ያዡ ማዶ በጉልበቱ ተሰቅሎ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ይወዛወዛል። በራሪዋ ጊዜውን አትቆጥርም። የሁለቱ ዥዋዥዌ የሚገጥምበትን የሚያየው ያዡ ነው፤ ሲገጥም «ሆፕ!» ይላል፣ እሷ ትለቃለች። ደግሞ እጇን ትዘረጋለች እንጂ ልትይዘው አትሞክርም። መያዝ የሱ ሥራ ነው፤ እሷ ከጨበጠች ጣት ከጣት ተጋጭቶ ሁለቱም ይስታሉ። ይኼኛው ነገር ከበደኝ፤ ስትወድቅ አትጨብጪ ማለት።

ከዚያ ኮሎኔሏ ተነሳችና እንዲህ አለች፦ «አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው። ጥሪ ሳትሰሙ አትለቁም። ባለፈው ሰኔ እዚሁ አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች። አንድ ቀን ሳትጠራ ለቀቀች። የመረቡ ጠርዝ ላይ ነው የወደቀችው። ሌላውን አትጠይቁኝ። ስሟን የምነግራችሁ እንዳትረሱት ነው።» ስሟን ጠራች።

ጥርስ ሐኪሙ «ምን አስቸኮላት?» አለ።

«ጎበዝ ነኝ ብላ ነዋ» አለች ኮሎኔሏ።

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ታስሮ የነበረውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ይህን ነው የምትናገረው፣ መዳፍ። ልጄ የማስፈራሪያ ተረት ሆናለች። እኔ ሞቼም በዚያ አዳራሽ ስሟ በዚህ ነው የሚነሳው። እውነት ከሆነ ይሁን፣ እችለዋለሁ። እውነት ካልሆነ ግን አልችለውም።

እናትህ


ኅዳር 25

ለመዳፍ፣

እንደምን አለህ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል?

ቅር አይበልህ፣ ላቆም አልቻልኩም። «እኔን ለመቅጣት ነው የሚወጡት?» ብለህ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለምን አንተን እቀጣለሁ? ምን አድርገህ?

መዳፌ ላይ የምቀባውን ስለላክልኝ አመሰግናለሁ። ሽታው እንደ በግ ነው፣ ግን ያሽራል። ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ አሁን ደርቋል። ሥራ ቦታ ሴቶቹ «ምን ሆነሽ ነው፣ ድንጋይ ፈለጥሽ?» ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ሳንቃው ላይ ስወጣ ምን እንደተሰማኝ ጠይቀሃል። ሽንቴ መጣ። ሌላ ምን እዋሽሃለሁ? ወገቤ ላይ ቀበቶ አለ፣ ከቀበቶው ገመድ አለ፣ ገመዱን ኮሎኔሏ ታች ሆና ትይዛለች፤ ይህን ሁሉ እያወቅሁ እግሬ አልሄድ አለ። «እትዬ፣ ይምጡ እንጂ! አውቶቡስ አይደለም የሚጠብቁት» ብላ ጮኸችብኝ። ተናድጄ ዘለልኩ። አየሩ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በዥዋዥዌው ጫፍ ላይ አንዲት ቅጽበት አለች፣ ሰውነት ክብደቱ የሚጠፋባት። አንተ ታውቃታለህ። ልጄ እራት ላይ ልትነግረኝ ስትጀምር «ተይ፣ ምግቤን አታስጠዪኝ» እላት ነበር። ይኸው፣ ስትነግረኝ ያልሰማኋት ይህችን ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ኮሎኔሏ ሳትነግረን ፈተነችን። አንድ በአንድ አወጣችንና ዝም አለች። «ሆፕ» ሳትል ቆመች። ጥርስ ሐኪሙ ተወዛውዞ ተወዛውዞ ቆመ። «ኧረ በእናትሽ ጥሪ፣ እጄ ሊቆረጥ ነው!» እያለ ለመናት። አለቀቀም። እኔም እንደ ታጠበ ሱሪ ተሰጥቼ ቀረሁ፤ እጄ እየነደደ፣ ከሥር መረብ ተዘርግቶልኝ፣ ጣቴ አልፈታ አለ። አምስታችንም ያው። ኮሎኔሏ ደስ አላት፤ «አያችሁ፣ ገብቷችኋል» አለች።

እኔ ግን ቤቴ ሄጄ ተቀመጥኩ። አምስት ቅዳሜ የተማረ ሰው ሳይጠራ መልቀቅ ካቃተው፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ልጅ እንዴት ለቀቀች? አንተ ባለሙያ ነህ፤ አስረዳኝ። አልገባኝ ብሎ ነው።

ጸሐፊዋ ደግማ ደውላለች። በወሩ መጨረሻ ፈርመሽ ካላመጣሽ ባለበት ይጸድቃል ብላኛለች። ጊዜ ስጪኝ ብዬ እስከ ጥር መጨረሻ ለምኛታለሁ።

እናትህ


ታኅሣሥ 20

ለመዳፍ፣

ላለፈው መልስ አላገኘሁም። ታመህ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። የላክሁት መድረሱን ግን ፖስታ ቤቱ ነግሮኛል።

አንድ ነገር ሆኗልና ልንገርህ።

ትናንት ብረቱ ላይ ነበርኩ። ገና ወደ ፊት መሄዴ ነው፣ ጊዜው አልደረሰም። ታች ኮሎኔሏ ለአንድ ተመልካች ሥራውን እያስረዳች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ከዚያ ያዡ ሆፕ ይላል» አለች። ለሰውየው ነው ያለችው። እኔ ለቀቅሁ።

አላሰብኩም። ልልቀቅ አላልኩም። ቃሉ ጆሮዬ ከመግባቱ ጣቶቼ ተከፍተው፣ እጆቼ ተዘርግተው አየር ላይ ነበርኩ። ገመዱ ወገቤን ቀጥ አድርጎ ያዘኝ። ኮሎኔሏ ፊቷ አመድ መሰለ፤ «እትዬ! እኔ እኮ እርስዎን አልጠራሁም! የራሴ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ፣ የራሴ ጥፋት ነው» እያለች ሮጠች። እኔ መረቡ ላይ ተኝቼ ጣራውን ሳይ ቆየሁ። ያለቀስኩት አሞኝ መሰላቸው።

ሳይጠሩት የሚለቅ የለም። ሲጠሩት የሚቀርም የለም። ጊዜው ይሁን አይሁን እጅ አይጠይቅም። ይህን ወረቀት ላይ ማንም ጽፎ ሊያሳየኝ አይችልም ነበር።

ለእህቴ ነገርኳት። «እሺ፣ ብታውቂውስ? ትመለስልሻለች?» አለችኝ። አትመለስም። ያንን አውቃለሁ።

ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ስለ ጤናህም አልጠይቅህም። ጠርተሃታል?

እናቷ


ጥር 18

ለእማዬ፣

ጠርቻታለሁ።

አንድ ትንፋሽ ቀድሜ ጠራኋት። እንደ ሁልጊዜዋ መጣች።

ይህን ጽፌ ሦስት ቀን ተውኩት። አሁን የቀረውን ልጻፍልዎ።

ቀኝ ትከሻዬ ከመጋቢት ጀምሮ ታሞ ነበር። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ስድስት ወር አትሰቀልም ይለኛል፤ እሷን ሌላ ያዥ ይይዛታል። ይህን አልፈለግሁም። ቅናት ይበሉት፣ ሌላም ይበሉት። ከእሷ በስተቀር ለማንም አልነገርኩም። እሷ ታውቅ ነበር። ከትርኢት በፊት በጨርቅ ጠቅልላ የምታስርልኝ እሷ ነበረች። «አንተ ጥራኝ እንጂ እኔ እመጣለሁ» ትለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ስወዛወዝ ትከሻዬ ተቀደደ መሰለኝ። አንድ ዙር መታገስ አልቻልኩም። ቶሎ ልያዛትና ይለቅልኝ ብዬ ጠራሁ። አፌ ቀደመ። ገና ሳልጨርሰው ስህተት መሆኑን አወቅሁ። ሊመለስ አይችልም።

ስለ እጆቿም ልንገርዎ። ክፍት ነበሩ። አልጨበጠችም። እስከ መጨረሻው እስክይዛት ነበር የጠበቀችው። የጣቶቿ ጫፍ ነክቶኛል።

ኮሚቴው ሲጠይቀኝ «ጠርተሃል?» አሉኝ። ራሴን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። አልጠራሁም ብዬ በአፌ አላልኩም። እነሱ ጻፉት። እኔ ከሥሩ ፈረምኩ። ከዚያ ቀብሩን አይቼ በማግሥቱ ሄድኩ።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይህን ወረቀት የፈለጉትን ያድርጉበት።

መዳፍ


የካቲት 30

ለመዳፍ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አንድ ወር አልፎታል። ልምጣ ወይ ብለህ የላክሃትንም አጭሯን አግኝቻለሁ። አትምጣ። ገና ነኝ። አሁን ብትመጣ በሩን ልከፍትልህ እንደምችል ራሴም አላውቅም።

ወረቀትህን ለኮሎኔሏ ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ሥራ ዋለ፤ ኮሌታ እየተኮስኩ፣ ኪሴ ውስጥ ሆኖ። ከሰጠሁት ከእንግዲህ በየትኛውም አዳራሽ ያዥ እንደማትሆን አውቅ ነበር። ያንን አውቄ ነው የሰጠሁት። ሳታስብ አደረገችው እንዳትል።

ኮሎኔሏ ቆማ ማንበብ ጀመረች፣ መሃል ላይ ተቀመጠች። «ይህ እርስዎ ጋ እንዴት መጣ?» አለችኝ።

«ልጄ ናት» አልኳት።

«ማን?»

«በየወሩ ስሟን የምትጠሪያት።»

አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ እኮ... ፊትዎ ላይ... እትዬ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም በይ አላሉኝም?»

«ዝም በይ ለማለት እውነቱን አላውቅም ነበር» አልኳት። አንድ ሰዓት ያህል አብረን ተቀመጥን። ሻይ አመጣችልኝ፣ ማንኛችንም አልጠጣነውም።

ወረቀቱ እንደገና ተጽፏል። «ያዡ ያለጊዜው በመጥራቱ» ይላል። ፈርሜበታለሁ። ኮሎኔሏ ባለፈው ሳምንት ለአዲሶቹ ስትናገር ከኋላ ቆሜ ሰማኋት። ስሟን ጠራችና «ሲጠሯት የመጣች ናት፤ የጠራት ሰው ግን ሕመሙን ደብቆ ነበር። ሕመማችሁን ደብቃችሁ አትሰቀሉ» አለች። የአንተን ስም አላነሳችም። እንዳታነሳው የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ለምን እንደጠየቅሁ አትጠይቀኝ።

ይጠሉኛል ወይ ብለሃል። ቀን ቀን እጠላሃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ቀደድኩት። ስላልሆነ ነው። አንድ ቀን ከሆነ ቀድመህ ትሰማለህ። እሷንም ተቆጥቻታለሁ። አንተ ጥራኝ እንጂ እኔ እመጣለሁ! እንዲህ ዓይነት ነገር ለሰው ይባላል? ትከሻህ መታመሙን እያወቀች። ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮኼባታለሁ፤ «አንቺ ሞኝ፣ አንቺ ሞኝ!» ብዬ። ጎረቤቴ ግድግዳውን አንኳኳች።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዝኩ። ያዟ አዲስ የመጣች ሴት ናት፣ ትከሻዋ እንደ በር የሰፋ። እህቴ ታች ተቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍናለች። ጥርስ ሐኪሙ «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ መሬት ላይ ማን ያገኝዎታል!» እያለ ይጮሃል። «ሆፕ» አለች፣ ለቀቅሁ። እጄን ዘረጋሁ፣ አልጨበጥኩም። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

መዳፍ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። ምንም በሌለበት ቦታ ላይ፣ ከምንም ውስጥ የሰው እጅ መጥቶ ሲይዝህ ምን እንደሚመስል። እጇ ይሞቃል። ክብደቴ ሁሉ ወደ እሷ ሄደ። «ያዝኩዎት እትዬ፣ ያዝኩዎት» ትለኛለች። ልትለቀኝ ስትል አለቅም አልኳት፤ ስቀው ነበር ሁሉም።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ይህን ስታገኝ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ የማስበው መውደቋን ብቻ ነበር።

ስለዚያ ቀን ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። የሚበቃኝን ያህል አውቄዋለሁ። የያዝካትን ቀን ጻፍልኝ። የመጀመሪያውን ከረሳኸው የፈለግኸውን፤ ምንም ያልሆነበት፣ ያዝካት፣ ወረዳችሁ፣ ወደ ቤት የሄዳችሁበት ተራ ቀን ቢሆንም ይሁን። ምን ለብሳ ነበር፣ ስትይዛት ምን አለችህ። አንዱን ጨርሰህ ሌላውን። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ጊዜ አለኝ።